ዘር ነው የሚሉት ወሬ

«የእኛ ልጆች በዘራቸው አጫጭር ናቸው» የሚለው ወሬ አሁንም ከሰው አፍ አልጠፋም። ሐሰት ነው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት፣ ማለትም ለዕድሜያቸው እጅግ ያጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2016 ግን 38 ሆኑ። ዘር በ16 ዓመት አይለወጥም። መቀንጨር የሚለካበት የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያም ቢሆን የፈረንጅ ልጅ ቁመት አይደለም፤ በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በደህና ያደጉ ሕፃናት ተለክተው የወጣ ነው። የስድስቱም አገር ልጆች ቁመት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ዘር ነው ባዩ የ2016ቱን የክልሎች የመቀንጨር ቁጥር ያስረዳኝ። አዲስ አበባ ከመቶ 15፣ አማራ 46፤ ያውም ጤፍና ስንዴ የሚያመርት አገር! ሶማሌ ክልል መቀንጨሩ 27 ብቻ ነው፤ ለቁመታቸው እጅግ የከሱት ግን 23 ናቸው፣ ከአገሪቱ አማካይ ከእጥፍ በላይ። መክሳት በሳምንታት ይመጣል፤ መቀንጨር ግን በወራትና በዓመታት የሚጠራቀም ጉዳት ነው።

ጎተራ ሞልቶ ልጅ እንዴት ይቀነጭራል? አንደኛው ምክንያት የታወቀ ነው፦ በ2016 ከ6 እስከ 23 ወር ከነበሩት የአገሪቱ ሕፃናት በቂና የተለያየ ምግብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። ሌላው ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው የአንጀት ጉዳይ ነው። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ስጋጃ ጸጉር በቆሙ ረቂቅ ዘንጎች የተሸፈነ ነው፤ ምግብ ወደ ደም የሚሰርገው በእነሱ በኩል ነው። ሕፃኑ ዶሮና ከብት በሚውሉበት ግቢ እየዳኸ አፈር በበላ ቁጥር የሰገራ ጀርም ይገባል። ተቅማጥ ባይዘውም ዘንጎቹ ቀስ በቀስ ያጥራሉ፣ ይተኛሉ፤ የበላው በወጉ አይሰርግም። ግድግዳው ይሳሳና የጀርም ስብርባሪ ወደ ደም ያልፋል። ሰውነት ያለማቋረጥ ይቆጣል፤ ቁጣው ደግሞ ጉበት የሚያመነጨውን፣ ለእድገት የሚያስፈልግ ሆርሞን ያዳክማል። ልጁ በልቶ ያድር ይሆናል፤ አጥንቱ ግን አይረዝምም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ በተካሄዱ ትልልቅ ሙከራዎች መጸዳጃ ቤት፣ እጅ መታጠቢያና የታከመ ውሃ የሕፃናቱን ቁመት አልጨመሩም፤ ተጨማሪ ምግብ ግን ጥቂት ጨምሯል። አንዳንዶች በዚህ የተነሳ የአንጀቱ ጉዳይ ተጋኗል ይላሉ፤ ሊሆንም ይችላል። እኔ የማዘነብለው ግን የተሞከረው መፍትሔ ደካማ ነበር ወደሚሉት ነው፦ የጉድጓድ መጸዳጃ የሰውን ሰገራ ያርቃል፣ የዶሮውን ኩስ ግን ግቢው ውስጥ ይተወዋል። እንግዲህ መለካት ያለበት የተቆፈረው ጉድጓድ ብዛት ሳይሆን ሕፃኑ የሚድህበት አፈር ነው።