የንባብ ምርጫ ከዕድሜ ጋር ለምን ይለወጣል?

ሰው ዕድሜው ሲገፋ ልቦለድ ትቶ ወደ ታሪክ፣ ወደ ግለ ታሪክና ወደ መንፈሳዊ መጻሕፍት የሚያዘነብለው አእምሮው ስለሚደክም ነው የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ቢደጋገምም ሳይታረም ሊታለፍ አይገባውም። አዲስ ነገርን በፍጥነት የማገናዘብ ችሎታ ከወጣትነት በኋላ እንደሚቀንስ፣ ከ40 ዓመት ወዲያም ደቃቅ ፊደል ዓይንን እንደሚያስቸግር የታወቀ ነው። የቃላት ሀብትና አጠቃላይ ዕውቀት ግን፣ ማለትም ሬይመንድ ካቴል ከቅልጥፍና ለይቶ የካበተ የማሰብ ችሎታ አድርጎ የመደበው ክፍል፣ ከወጣትነት በኋላም ለብዙ ዓመታት እየዳበረ ይሄዳል።

ዋናው ምክንያት ያለው ሌላ ቦታ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ሊቅ ሎራ ካርስተንሰን እንደምታስረዳው፣ የሰውን ምርጫ የሚመራው የጊዜ አድማሱ፣ ማለትም ከፊቴ ይቀረኛል ብሎ የሚያስበው ዘመን ነው፤ ዘመኑ ረጅም የመሰለው ሰው ለነገ የሚጠቅመውን አዲስ ዕውቀት ሲያሳድድ፣ አጭር የመሰለው ደግሞ ዛሬውኑ ስሜትን የሚያረካውንና ትርጉም ያለውን ያስቀድማል። ሄለን ፉንግና ካርስተንሰን በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በመፈክር ብቻ የሚለያዩ ማስታወቂያዎች ለተሳታፊዎች ቀርበው፣ አረጋውያኑ ያልታየ ዓለምን ከሚያስቃኘው ይልቅ ውድ ጊዜያትን ስለ ማስቀረት የሚናገረውን መርጠዋል። ረጅምና ጤናማ ዕድሜ እንደሚጠብቃቸው እንዲያስቡ ሲደረግ ግን ይህ ዝንባሌ ጠፋ። የዝንባሌው ምንጭ የአእምሮ ድካም ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ዕድሜ በማሰብ ብቻ እንዴት ሊጠፋ ይችላል?

ይህ ሐሳብ አንድ ሰው ያንኑ መጽሐፍ በተለያየ ዕድሜ ለምን በተለያየ ዓይን እንደሚያነብ ለመገመትም ይረዳል። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በ20 ዓመቱ የሚያነብ ሰው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ከምን እንደሚደርስ ለማወቅ ገጹን እያጣደፈ ቢገልጥ፣ በ60 ዓመቱ ግን የበዛብህ እናት ልጇን ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችበት ገጽ ላይ ወይም ጉዱ ካሣ ከባላባት ዘመዶቹ ጋር በሚሟገትበት ቦታ ረግቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ ታሪኩ ያው ሆኖ ሳለ አንባቢው የሚፈልገው ተለውጧልና።

በዚህ ዘርፍ አከራካሪው ነገር ዕድሜንና ትውልድን መለየት ነው። የ25 እና የ65 ዓመት አንባቢዎችን በአንድ ቀን ጠይቆ የሚያወዳድር ጥናት፣ ልዩነቱ ከእርጅና ይምጣ ከአስተዳደግ ሊለይ አይችልም። ለምሳሌ በኢትዮጵያ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረ ሰውና በሞስኮ በአማርኛ የታተሙ መጻሕፍትን እያነበበ ያደገ የከተማ ወጣት ዛሬ አረጋውያን ናቸው፤ ምርጫቸውን ግን ዕድሜያቸው ብቻ ሳይሆን በጊዜው እጃቸው የገባው መጽሐፍም ቀርጾታል። ሁለቱን ምክንያቶች ለመለየት እነዚያኑ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት መከታተል ያስፈልጋል፤ ይህም ቢሆን ዘመኑ ራሱ በአንባቢው ላይ ያሳደረውን ለውጥ ሙሉ በሙሉ አይነጥልም።