የዩኒቨርሲቲ ግኝት ገበያ የሚወጣው በምን መንገድ ነው?

በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ይኖር ይሆናል። ዛሬ በየፋርማሲው የሚሸጠው የሰው ኢንሱሊን የሚመረተው በባክቴሪያ ወይም በእርሾ ውስጥ ነው። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ግን ኢንሱሊን የሚወጣው ከታረዱ ከብቶችና አሳማዎች ቆሽት ነበር። ለውጡ የጀመረው በሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ ሙከራ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምርምር እንዴት ሸቀጥና ኩባንያ እንደሚሆን ለማስረዳት ከዚህ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እሱን እየተከተልን ደረጃ በደረጃ እንሂድ። ዓመቶቹንና ወሮቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስታንሊ ኮኸን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኸርበርት ቦየር ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነበሩ። በ1972 ሃዋይ ላይ በተደረገ ስብሰባ ተገናኝተው አብረው ለመሥራት ተስማሙ። ብዙም ሳይቆዩ የአንድን ሕያው ነገር ዘረመል ቆርጦ በባክቴሪያ ውስጥ መቀጠል እንደሚቻል አሳዩ። ዘረመል ማለት ሴል ምን መሥራት እንዳለበት የሚያዝዝ መመሪያ ነው። ባክቴሪያው በተራባ ቁጥር የተቀጠለው መመሪያም አብሮ ይራባል። መመሪያው የኢንሱሊን ከሆነ ባክቴሪያው ኢንሱሊን ይሠራል ማለት ነው።

ታዲያ ወዲያው አምርተው ለምን አልሸጡትም? የተገኘው ዘዴ እንጂ መድኃኒት ስላልነበረ ነው። በዘዴውና በፋርማሲው መደርደሪያ መካከል ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ አለ። ያን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እኔ ከስሬ ከሠራሁት በኋላ ሌላው መጥቶ በነፃ ቢገለብጠውስ? ይህን ለመመለስ የወጣው መብት ፓተንት ይባላል። ፓተንት መንግሥት ለፈጣሪው የሚሰጠው፣ ሌላው ሰው ያለ ፈቃድ ፈጠራውን እንዳይጠቀምበት የሚከለክል፣ ጊዜው የተወሰነ መብት ነው። በምትኩ ፈጣሪው ሥራውን እንዴት እንደሠራ በጽሑፍ ለሕዝብ ይገልጻል። ጊዜው ሲያልቅ ማንም በነፃ ይጠቀምበታል።

መብቱ የማን ነው? ብዙ ሰው የተመራማሪው ይመስለዋል። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ግን መምህሩ ሲቀጠር በሚፈርመው ውል መሠረት ግኝቱ የተቋሙ ነው። የቤተ ሙከራው፣ የመሣሪያውና የደመወዙ ወጪ የተሸፈነው በተቋሙ ነውና። አሜሪካ ውስጥ ሌላም ጥያቄ ነበር። ለምርምሩ ገንዘብ የሚሰጠው በአብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ግኝቱም ብዙ ጊዜ የመንግሥት ይሆን ነበር። መንግሥት ወደ 28,000 የሚጠጉ ፓተንቶች ሰብስቦ ለኩባንያዎች ያስተላለፈው ከ5 በመቶ ያነሱትን ነው ይባላል። በ1980 የወጣውና በሁለት ሴናተሮች ስም ቤይ ዶል የሚባለው ሕግ ይህን ቀየረው። በመንግሥት ገንዘብ የተገኘውን ፈጠራ ዩኒቨርሲቲው በባለቤትነት እንዲይዝ፣ ከሚገኘውም ገቢ ለፈጣሪው እንዲያካፍል ደነገገ።

ተመራማሪው አንድ ነገር ሲያገኝ የሚሄደው ወደ ቴክኖሎጂ ሽግግር ጽሕፈት ቤት ነው። በዩኒቨርሲቲው ግኝትና በገበያው መካከል የሚቆም ክፍል ነው። ተመራማሪው ምን እንዳገኘ፣ ከማን ጋር እንደሠራና ገንዘቡ ከየት እንደመጣ በቅጽ ሞልቶ ያስረክባል። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ መሆኑንና የሚገዛው መኖሩን ያጣራል። ከዚያ ፓተንት ለመጠየቅ ወይም ለመተው ይወስናል። የስታንፎርድን ጽሕፈት ቤት በ1970 ያቋቋመው ኒልስ ሬይመርስ የሚባል መሐንዲስ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ተመራማሪ የሚሰናከልበት ጉዳይ አለና ቀስ ብለን እንየው። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ብቻ ነው። ግኝቱ በመጽሔት ከታተመ ወይም በስብሰባ ላይ ከተነገረ በብዙ አገሮች አዲስነቱን ያጣል። ኮኸንና ቦየር ዋናውን ጽሑፋቸውን ያሳተሙት በኅዳር 1973 ነው። ሬይመርስ ስለ ግኝቱ የሰማው ከወራት በኋላ፣ ያውም ከጋዜጣ ነበር። የአሜሪካ ሕግ ከታተመ በኋላ የአንድ ዓመት እፎይታ ይሰጣል። ማመልከቻው የገባው ኅዳር 4 ቀን 1974 ነው፤ ዓመቱ ሊሞላ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማለት ነው። በአሜሪካ ለጥቂት ተረፈ። እንዲህ ያለ እፎይታ በማይሰጡት በአውሮፓና በሌሎች አገሮች ግን መብቱ ሳይጠየቅ ቀረ። አንድ ጽሑፍ ቀድሞ መውጣቱ ያን ያህል ዋጋ አስከፈለ።

አዲስ መሆን ብቻውንም አይበቃም። ፈጠራው የሙያው ሰው በቀላሉ ሊደርስበት የማይችል እርምጃ ሊኖረው ይገባል። በጥቅም ላይ የሚውልም መሆን አለበት። የጤፍን ጉዳይ ያስታውሳሉ? አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ የፈጠራ እርምጃ የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። ስለዚህ ፓተንት ከተሰጠ በኋላም በክርክር ሊፈርስ ይችላል።

ዋጋውስ? በአሜሪካ አንድ ፓተንት እስኪሰጥ ድረስ ለጠበቃና ለመንግሥት የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ ከ10,000 ዶላር ይበልጣል። ፓተንት አገር በአገር ስለሆነ በብዙ አገሮች ለመያዝ ወጪው በእጥፍ ድርብ ያድጋል። ከተሰጠ በኋላም ለማቆየት በየጊዜው ይከፈላል። ለዚህ ነው ጽሕፈት ቤቶቹ ከሚቀርብላቸው ግኝት ብዙውን የሚተዉት።

ፓተንቱ ከተያዘ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ለነባር ኩባንያ ፈቃድ መስጠት ነው። ፈቃድ ቤት እንደማከራየት ነው፤ ባለቤትነቱ ከዩኒቨርሲቲው ሳይወጣ ኩባንያው ይጠቀምበታል፣ ይከፍልበታል። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ መግቢያ፣ ዓመታዊና ከሽያጩ የሚታሰብ መቶኛ አለው። ይህ ከሽያጭ የሚታሰበው ክፍያ ሮያሊቲ ይባላል።

የኮኸንና የቦየር የመጀመሪያ ፓተንት የተሰጠው በታኅሣሥ 1980 ነው። ሬይመርስ ለአንድ ኩባንያ ብቻ ከመስጠት ይልቅ ለፈለገ ሁሉ በርካሽ ለመስጠት ወሰነ። መግቢያው 10,000 ዶላር፣ ዓመታዊውም ቢያንስ ያንኑ ያህል ነበር። ቀድሞ ለፈረመ ቅናሽ ተደረገለት። በ1981 መጨረሻ 73 ኩባንያዎች ፈርመው ነበር። ፓተንቶቹ በ1997 ጊዜያቸው እስኪያልቅ ድረስ 468 ኩባንያዎች ፈቃድ ወሰዱ። ለሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የገባው ገንዘብ 255 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በእኔ ግምት ይህ ውሳኔ ከግኝቱ ቀጥሎ ትልቁ ሥራ ነው። ዘዴው በአንድ ኩባንያ ቢታጠር ኖሮ ሌሎቹ ወይ ይከሱ ወይ ይተዉት ነበር፤ መድኃኒቶቹም ይዘገዩ ነበር።

ገንዘቡ ለማን ይደርሳል? በስታንፎርድ ደንብ መጀመሪያ 15 በመቶው ለጽሕፈት ቤቱ ሥራ ይቀነሳል። የፓተንት ወጪም ይነሳል። የቀረው ለሦስት ይከፈላል፤ ሲሶው ለፈጣሪዎቹ፣ ሲሶው ለትምህርት ክፍላቸው፣ ሲሶው ለፋኩልቲያቸው። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ቁጥሩ ቢለያይም በተመሳሳይ መንገድ ያካፍላሉ።

ሁለተኛው መንገድ አዲስ ኩባንያ ማቋቋም ነው። በ1976 ሮበርት ስዋንሰን የሚባል ወጣት የገንዘብ ሰው ቦየርን አግኝቶ አነጋገረው። ሁለቱም 500 500 ዶላር አዋጥተው ጄነንቴክ የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። በዚያው ዓመት ክላይነር ኤንድ ፐርኪንስ የሚባል ድርጅት 100,000 ዶላር ጨመረላቸው። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ቬንቸር ካፒታል ይባላሉ። ባንክ የማያበድረውን አደገኛ ሥራ በገንዘብ ይደግፋሉ፤ በምትኩ ወለድ ሳይሆን የኩባንያውን ድርሻ ይወስዳሉ። ኩባንያው ከከሰረ ገንዘባቸውም አብሮ ይጠፋል።

ጄነንቴክ በመጀመሪያ የራሱ ቤተ ሙከራ እንኳ አልነበረውም። ምርምሩን ያሠራው ለቦየር ዩኒቨርሲቲና ሲቲ ኦፍ ሆፕ ለሚባል የካሊፎርኒያ የሕክምና ምርምር ማዕከል እየከፈለ ነው። በ1978 ባክቴሪያ የሰውን ኢንሱሊን ሠራ። ለፋብሪካው ምርትና ለሽያጩ ኢላይ ሊሊ የተባለው ነባር የመድኃኒት ኩባንያ ፈቃድ ወሰደ። መድኃኒቱ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1982 ነው። ከሃዋዩ ስብሰባ እስከ ፋርማሲው አሥር ዓመት መሆኑ ነው። ይህም ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ከአዲስ ኩባንያ ምን ያገኛል? ጀማሪ ኩባንያ ጥሬ ገንዘብ ስለሌለው ብዙ ጊዜ በአክሲዮን ይከፍላል። የታወቀው ምሳሌ ጉግል ነው። ላሪ ፔጅ የስታንፎርድ ተማሪ ሳለ ድረ ገጾችን በተገቢነታቸው የሚያሰልፍ ዘዴ ፈጠረ። ፓተንቱ የዩኒቨርሲቲው ነበር። ስታንፎርድ ለጉግል ፈቃድ ሰጥቶ 1.8 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን ተቀበለ፤ በ2005 ሸጦ ሲጨርስ 336 ሚሊዮን ዶላር አገኘ።

ይህን ያነበበ ሰው ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ የከበሩ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ፈጠራ የፓተንቱን ወጪ እንኳ አይመልስም። የጥቂት ታላላቅ ተቋማት ገቢ የሚመጣው ከጥቂት ግኝቶች ነው፤ ብዙዎቹ የሽግግር ጽሕፈት ቤቶች ወጪያቸውን የሚሸፍን ገቢ የላቸውም። ከሁሉ የሚከብደው በግኝቱና በገበያው መካከል ያለው ጊዜ ነው። የምርምር ገንዘቡ አልቋል፤ ገዢ ግን ገና አልመጣም። ናሙና መሥራት፣ መርዛማነቱን መመርመር፣ በብዛት ለማምረት መሞከር፣ ፈቃድ ማስወጣት የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። ብዙ ጥሩ ግኝት የሚቀረው እዚህ ነው።

የእኛ አገር የእንዶድ ተክል ታሪክ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ ግኝቱ ትልቅ ነበር። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ሆኖም ለብዙኃን ጥቅም እንዲፈቀድ የሚያስፈልገው የመርዛማነት ምርመራ ውድ ነበር። የሚከፍል ስለታጣ ለዓመታት ተጓተተ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የአሜሪካን የውኃ ቧንቧዎች የሚዘጋ ዛጎል ለበስ ፍጥረት እንደሚገድል ከተረጋገጠ በኋላ የአሜሪካ ፓተንት ወሰደበት። ዶክተር አክሊሉ በፈጣሪነት ስማቸው ገብቷል፤ የመብቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ነበር። ልብስ በእንዶድ ማጠብን ትውልድ ለትውልድ ያቆዩት የገጠር ሴቶች በዚያ ወረቀት ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ይህ አሁንም ያሳዝነኛል።

ማን ምን እንደሚያገኝ የሚወስነው ውል ስለሆነ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ከላይ የጠቀስኩት ሲቲ ኦፍ ሆፕ በ1976 ከጄነንቴክ ጋር 2 በመቶ ሮያሊቲ የሚያስገኝ ውል ነበረው። ያ ክፍያ በየትኛው ፈቃድ ላይ ይታሰባል በሚለው ተጣሉ። ክርክሩ እስከ 2008 ዘልቆ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 300 ሚሊዮን ዶላር ለማዕከሉ እንዲከፈል አጸና። አንድ ግልጽ ያልሆነ አንቀጽ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ያመጣው ዕዳ ነው።

በኢትዮጵያ የሚሠራው ሕግ በእኛ አቆጣጠር በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ነው። ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ፣ በቀላሉ የሚገኝ የግልጋሎት ሞዴል የሚባል የምስክር ወረቀትም አለ። ማመልከቻው የሚገባው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

እርስዎ ወይም ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጠቅም ነገር ካገኛችሁ፣ ከማሳተማችሁና በስብሰባ ላይ ከመናገራችሁ በፊት ማመልከቻው ይግባ። የቅጥር ውላችሁና የዩኒቨርሲቲው ደንብ ስለ ባለቤትነት ምን እንደሚል አንብቡ። አብሮ የሠራና እውቀቱን ያካፈለ ሰው ሁሉ ስሙ ይጻፍ፤ እውቀቱ የመጣው ከገበሬ ወይም ከገጠር እናት ከሆነም ድርሻቸው ከፊርማው በፊት ይወሰን።