የቪዛ ሕግ ሲለወጥ በዐረብ አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ምን ይደርስባቸዋል?

በየአጥቢያችን ልጃቸውን፣ እኅታቸውን ወይም የትዳር ጓደኛቸውን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የላኩ ቤተሰቦች አሉ። ከእነዚህ ቤተሰቦች መካከል ብዙዎቹን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፤ ይኸውም ቪዛ ተመትቶላት በአውሮፕላን ተሳፍራ የሄደችው ልጅ ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ሕገ ወጥ ሆነች» የሚል ወሬ ሲደርሳቸው ነው። «በሕግ ሄዳ እንዴት ሕገ ወጥ ትሆናለች?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍም ለምእመናንና በየፕሮጀክቱ ለሚያገለግሉ ሠራተኞች ነገሩን ለማስረዳትና ከእኛ በኩል ምን ሊደረግ እንደሚቻል ለማመልከት የቀረበ ነው።

ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ አንድ አይደሉም

ቪዛ የመግቢያ ፈቃድ ነው። በሩን ያስከፍታል እንጂ በውስጥ ለመኖር ብቻውን አይበቃም። ሠራተኛው ከገባ በኋላ «ኢቃማ» የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ሊወጣለት ይገባል፤ እርሱም ጊዜው ሲያልፍ መታደስ አለበት። በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎችም የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለብዙ ዘመን የተሠራበት «ከፋላ» የተባለው ሥርዓት ይህን ፈቃድ ከአንድ አሰሪ ጋር ያስተሳስረዋል። ሠራተኛውን ያስመጣው አሰሪ «ከፊል»፣ ማለትም ዋስ፣ ይባላል። ኢቃማውን የሚያወጣውም የሚያሳድሰውም እርሱ ነው።

እንግዲህ የሠራተኛው ሕጋዊነት ያለው በራሱ እጅ ሳይሆን በሌላ ሰው እጅ ነው ማለት ነው። አሰሪው ኢቃማውን ሳያሳድስ ቢቀር፣ መንገድ ላይ የሚያዘው ሠራተኛው ነው። አንዲት የቤት ሠራተኛ ድብደባ ሸሽታ ወይም ደመወዝ ተከልክላ ከቤት ብትወጣ፣ አሰሪዋ «ሁሩብ» ብሎ ሊያስመዘግባት ይችላል። ይህም «ጠፍታለች» ማለት ነው። መዝገቡ ካልተነሣላት ኢቃማዋ ዋጋ ያጣል፤ ሌላ ቤት ገብታ መሥራትም ሆነ በሰላም ወደ አገሯ መመለስ ይቸግራታል። ልጅቱ ያጠፋችው ነገር ባይኖርም ከሕግ ውጭ ሆናለች።

እ.ኤ.አ. በ2013 የሆነው

ደንብ ሲለወጥ ምን ያህል ሰው እንደሚነካ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2013 በሳዑዲ ዓረቢያ ነው። ከዚያ በፊት «ፍሪ ቪዛ» የሚባል ንግድ ተስፋፍቶ ነበር። አንዱ ዋስ ሆኖ ቪዛ ያወጣና ይሸጣል፤ የገዛው ሠራተኛ በዚያ ሰው ስም ኢቃማ ይዞ ሌላ ዘንድ ይሠራል፤ ለዋሱም በየጊዜው ገንዘብ ይከፍላል። አሠራሩ ድሮም ከሕጉ ጋር የሚስማማ አልነበረም፤ ሆኖም በቸልታ ይታለፍ ነበር። በዚያው ዓመት የሥራ ሕጉ ተሻሻለና ከዋሱ ሌላ ለማንም መሥራት በጥብቅ የሚያስቀጣ ሆነ። ትናንት የታለፈው ዛሬ ለእስራትና ለመባረር የሚያበቃ ጥፋት ተባለ። ለሐጅና ለዑምራ ገብተው የቀሩትና በየመን በኩል ያለ ቪዛ የተሻገሩትም በዚሁ ፍተሻ ውስጥ ገቡ።

መንግሥቱ መጀመሪያ የምሕረት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። እስከ ጁላይ መጀመሪያ የነበረው ቀነ ገደብ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ተራዘመ። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ያስተካከለ ወይም አገሩን ለቅቆ የወጣ ሰው አይቀጣም ነበር። ጊዜው እንዳለቀ ግን ፍተሻው ተጀመረ። ሪያድ ውስጥ መንፉሓ በተባለው ሰፈር ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ያፈሩትን ንብረት ትተው፣ በእጃቸው ጥቂት ነገር ብቻ ይዘው ቦሌ ደረሱ።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር የኢትዮጵያ መንግሥት ዜጎች ለቤት ሠራተኛነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ አገደ። እገዳው ለዜጎች ደኅንነት የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ሕጋዊው በር ሲዘጋ በጅቡቲና በየመን በኩል የሚሄደው መንገድ አልተዘጋም፤ ደላሎችም በዚያ መንገድ መላካቸውን አላቆሙም። እገዳው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡ ለውጦች

እ.ኤ.አ. በ2017 ሳዑዲ ዓረቢያ ሌላ የምሕረት ጊዜ አወጀች፤ የመጀመሪያው ቀነ ገደብ 90 ቀን ነበር። ከዚያ ዓመት ሜይ እስከ ማርች 2019 ባለው ጊዜ ወደ 260,000 ገደማ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል።

በሌላ በኩል የሚያላሉ ለውጦችም መጥተዋል። ቀጠር እ.ኤ.አ. በ2018 አብዛኞቹ ሠራተኞች ያለ አሰሪ ፈቃድ ከአገር እንዲወጡ ፈቀደች፤ በ2020 ይህ ለቤት ሠራተኞችም ተፈቀደ። ሆኖም የቤት ሠራተኛዋ ከመውጣቷ ከ72 ሰዓት በፊት ለአሰሪዋ እንድታስታውቅ ደንቡ ይጠይቃል። በዚያው ዓመት ሠራተኛ ያለ አሰሪ ይሁንታ ሥራ እንዲለውጥም ተፈቀደ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከማርች 2021 ጀምሮ ሥራ የመለወጥንና ከአገር የመውጣትን መንገድ አቃለለች፤ ነገር ግን የቤት ሠራተኞች፣ የግል ሾፌሮችና የእርሻ ሠራተኞች በዚያ ለውጥ ውስጥ አልተካተቱም። ከኢትዮጵያ የሚሄዱት አብዛኞቹ ሴቶች የቤት ሠራተኞች ስለሆኑ፣ «ከፋላ ተነሣ» የሚል ወሬ ሲሰማ ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶችም ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 2024 መጨረሻ ድረስ የምሕረት ጊዜ ሰጥታ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ያመለከተ ሰው ሳይቀጣና ዳግመኛ እንዳይገባ ሳይታገድ መውጣት ይችል ነበር።

ምሕረቱ ለማን ይደርሳል?

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የምሕረት ጊዜ የሚጠቅመው አራት ነገሮች ለተሟሉለት ሰው ነው። አንደኛ፣ ወሬውን በጊዜው መስማት አለበት። ሁለተኛ፣ ፓስፖርቱ ወይም በምትኩ ከኤምባሲ የሚሰጠው ሊሴ ፓሴ በእጁ ሊኖር ይገባል። ሦስተኛ፣ ከቤት ወጥቶ እስከ ጽሕፈት ቤቱ መድረስ መቻል አለበት። አራተኛ፣ የአውሮፕላን ዋጋ ያስፈልገዋል።

በሰው ቤት ተዘግቶባት የምትኖር፣ ፓስፖርቷ አሰሪዋ ዘንድ የተቆለፈበት፣ ስልኳ የተወሰደባት ልጅ አራቱንም ታጣለች። ከሁሉ ይልቅ ምሕረት የሚያስፈልጋት እርስዋ ሆና ሳለ ምሕረቱ ሳይደርሳት ያልፋል። ሌላም ምክንያት አለ። ብዙዎች ሲሄዱ ቤተሰቡ ተበድሯል። ያልተከፈለ ደመወዝ ያላት ልጅ «ባዶ እጄን ከምመለስ ልታገሥ» ትላለች፤ ቀኑም ያልፍባታል። ቤተሰቡ «ገንዘቡ ይቅር፣ አንቺ ነይ» ቢላት ኖሮ ውሳኔዋ ሌላ በሆነ ነበር።

ከእኛ በኩል ሊደረግ የሚቻለው

ሕጉን እኛ አንለውጠውም። ነገር ግን ከአራቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በብዛት ከዚህ ሆኖ ሊታገዙ ይችላሉ።

ከመሄዷ በፊት የፓስፖርቷ፣ የቪዛዋና የሥራ ውሏ ቅጂ በቤተሰብ ዘንድ ይቀመጥ። ፓስፖርት ቢጠፋ ወይም ቢያዝ ኤምባሲው ማንነቷን ለማረጋገጥ ቅጂው እጅግ ይረዳዋል።

የአሰሪው ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ከተማና ሰፈር፣ የላካት ኤጀንሲም ስም ተመዝግቦ ይያዝ። «ሪያድ ናት» ማለት ብቻ ለፍለጋ አይበቃም።

ኢቃማዋ የሚያልቅበት ቀን በደብተር ይጻፍ፤ ቀኑ ከመድረሱ ሁለት ወር በፊትም ስትደውል «ታደሰልሽ ወይ?» ተብላ ትጠየቅ። በሳዑዲ ዓረቢያ ያሉ ስልክ ያላቸው ሰዎች «አብሸር» በሚባለው የመንግሥት አገልግሎት ቀኑን ራሳቸው ማየት ይችላሉ።

አዲስ ደንብ ወይም ምሕረት ተባለ ሲባል ከኤምባሲው ወይም ከቆንስላው ሳይረጋገጥ ለማንም ገንዘብ አይከፈል። የምሕረት ወሬ በተሰማ ቁጥር «እኔ አስጨርስላችኋለሁ» የሚሉ ደላሎች ይመጣሉ። ወሬው እውነት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቀነ ገደቡ በእሑድ ጉባኤ ላይ በግልጽ ይነገር፤ አንዲት እናት የሰማችውን በዚያው ማታ ለልጅዋ ልታደርስ ትችላለችና።

የፕሮጀክት ሠራተኞች እንደ ቁጠባና ብድር ያሉ ማኅበራትን ሲያወያዩ ይህን መዝገብ ከሥራቸው ጋር አያይዘው ሊያስጀምሩ ይችላሉ። ብዙ ወጪ የለውም፤ አንድ ደብተርና አንድ ኃላፊ ይበቃዋል። ከተመላሾች ጋር የሚሠሩም፣ በምሕረት ጊዜ የወጣውን ሰው የጣት አሻራ ሰጥቶ ከተባረረው ለይተው ይመዝግቡ፤ ሁለተኛው ወደዚያ አገር ለመመለስ የተከለከለ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳያውቅ ዳግመኛ ለደላላ ገንዘብ እንዳይከፍል ሊነገረው ይገባል።

ደንቡ ነገም ይለወጣል፤ አንዳንዱ ይላላል፣ አንዳንዱ ይጠብቃል። የመለወጡን ወሬ ቀኑ ካለፈ በኋላ የምንሰማ ከሆነ ግን የላላውም ቢሆን ለወገኖቻችን አይጠቅምም።