በወላይታ አገር የክረምት ስንዴ እርሻ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ስለሚልበት ምክንያት

ስንዴ በኢትዮጵያ ከጤፍና ከበቆሎ ጋራ ዋና ከሚባሉት እህሎች አንዱ ነው። በየዓመቱም ምን ያህል መሬት በስንዴ እንደ ተዘራ የሚገልጠው ቍጥር ከቀበሌ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዚያም ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ይተላለፋል። ብዙ ሰዎች ይህ ቍጥር ከፍ ሲል ጥጋብ መጣ፥ ዝቅ ሲል ግን ገበሬው ሰነፈ ብለው ይፈርዳሉ። ዳሩ ግን ነገሩ እንደዚህ ቀላል አይደለም። በተለይ በወላይታ አገር የስንዴው መሬት መስፋት አንዳንድ ጊዜ የበልጉን መጥፋት የሚያመለክት ሊሆን ስለሚችል፥ አገር የሚያስተዳድርና መሬት የያዘ ሰው ሁሉ የቍጥሩን ምክንያት መርምሮ ሊያውቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ የክረምት ስንዴ የሚለውን ስም መለየት ያስፈልጋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በዚህ ስም የሚጠራው፥ ከብርዱ ወራት በፊት ተዘርቶ በበረዶ ሥር ከርሞ ብርዱ ካለፈ በኋላ የሚያሸተው ነው፤ ይህ ዐይነት ዘር ብርድ ካላገኘው በደንብ አያፈራም። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የዚህን ስንዴ የዘር መሬት ልክ አስቈጥሮ በየዓመቱ በጥር ወር ያወጣል፤ ነጋዴውና ባለወፍጮውም ያንን አይቶ ሥራውን ያሰናዳል። በኢትዮጵያ ግን ክረምት የዝናም ወራት ነው፤ ስንዴውም ያን ያህል ብርድ የማይሻ ዐይነት ነው። በወላይታ ደጋና ወይና ደጋ ከሐምሌ ጀምሮ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል።

የወላይታ ሶዶ ከተማ በዳሞታ ተራራ እግር ሥር የተመሠረተች ናት። በተራራው ዙሪያ ያሉት ሶዶ ዙሪያ፥ ዳሞት ጋሌና ዳሞት ሶሬ ለስንዴ የሚስማማ ከፍተኛ ቦታ አላቸው፤ ወደ ሁምቦና ወደ ዱጉና ፋንጎ ሲወርዱ ግን ምድሩ ወደ ቆላ ይዘልቃል። የሕዝቡ ብዛት ከአገሪቱ የገጠር ቦታዎች ሁሉ እጅግ ከተጨናነቁት የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ከግማሽ ሄክታር፥ ይኸውም ከ2 ጥማድ በማይበልጥ መሬት ይኖራል። ከዚህም ላይ በቤቱ አጠገብ እንሰት፥ ቡናና ጎደሬ ይተክላል፤ ፍግም የሚያገኘው ይህ የጓሮ መሬት ነው። ስንዴ የሚዘራው ከዚያ ወዲያ ባለው፥ ፍግ በማይደርሰው ማሳ ላይ ነው። የመሬት ጥበቱ ነገር ዛሬ የተሰማ አይደለም፤ በ1960ዎቹ ዓመታት በዓለም ባንክ ገንዘብ የተቋቋመው ዋዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት፥ ከተጨናነቀው ደጋ ሰዎችን አንሥቶ ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላ አስፍሮ ነበር።

እንግዲህ ስንዴ በዚህ ጠባብ ማሳ ላይ ቦታ የሚያገኘው ሌላው እህል ሲለቅለት ብቻ ነው። ገበሬው የበልግ ዝናም በየካቲትና በመጋቢት ሲጀምር በቆሎ፥ ቦሎቄና ድንች ይዘራል። ቦሎቄውና ድንቹ ቶሎ ደርሰው ሲነሡ መሬቱ ለስንዴ ይተርፋል፤ በቆሎው ግን በደጋ እስከ መስከረም ስለሚቆይ ስንዴን ይከለክላል። ደግሞም በመስከረምና በጥቅምት ብዙ ሰው የስኳር ድንች ሐረግ ይተክላል፤ ይህም ጎተራ በሚራቈትበት በመጋቢትና በሚያዝያ ቤተ ሰቡን የሚያሻግር ምግብ ነው። ስንዴ የተዘራበት ማሳ ግን እስከ ኅዳር ስለሚያዝ ለሐረጉ አይደርስለትም። ከዚህም የተነሣ በስንዴ የተጨመረ እያንዳንዱ ጥማድ ከበቆሎው ወይም ከስኳር ድንቹ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ላይ የቍጥሩ ምስጢር ይገለጣል። በልጉ መልካም ሲሆን በቆሎው ማሳውን ይሞላል፤ የስንዴውም መሬት ይጠባል፤ ይህ ግን የስንፍና ምልክት አይደለም። በልጉ ሲቀር በቆሎው ደርቆ መሬቱ ባዶ ይሆናል፤ ገበሬውም የጠፋበትን ለመተካት ባዶውን ማሳ በሐምሌ ስንዴና ጤፍ ይዘራበታል። በዚህ ጊዜ ቍጥሩ ከፍ ይላል፤ ቤቱ ግን ተርቧል። በልጉ ፈጽሞ ሲጠፋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ለአንድ ጥማድ ስንዴ ከ25 ኪሎ የማያንስ ዘር ያስፈልጋል፤ ልጆቹ በግንቦትና በሰኔ የተራቡበት አባት ይህን ዘር ሳይበላ ወደ ሐምሌ ሊያደርሰው አይችልም። ስለዚህ ያው አንዱ ምክንያት፥ የበልግ መጕደል፥ መጠነኛ ሲሆን የስንዴውን መሬት ያሰፋል፤ ሲጠና ያጠበዋል።

ዐይን እንዴት እንደሚታለል ወላይታ በ1992 እና በ2000 ዓ.ም. አይታለች። በነዚህ ዓመታት በልጉ ጠፍቶ ስኳር ድንቹም ስለ ጐደለ ብዙ ሕፃናት በረኃብ ተጐዱ፤ ዝናሙ ዘግይቶ ሲመጣ ግን ምድሩ ሁሉ ለምልሞ ነበር። ስለዚህም ዘመኑ አረንጓዴ ረኃብ የሚል ስም ወጣለት። በመኪና በመንገድ ሲያልፍ የለመለመውን ማሳ ያየ ሰው ሕዝቡ ጠግቧል ብሎ ቢጽፍ የሚፈረድበት አይሆንም፤ ወደ ቤቱ ገብቶ ማሰሮውን ቢመለከት ግን እንዲህ ብሎ ባልጻፈም ነበር።

ከበልጉ ሌላ የዘሩን ልክ የሚወስኑ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ማዳበሪያ ነው። የወላይታ ቀይ አፈር በብዙ ቦታ ኮምጣጣ ሆኖ ስለ ደከመ፥ ያለ ማዳበሪያና ያለ ኖራ ስንዴ ጥቂት ብቻ ይሰጣል፤ በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ በናረ ጊዜ የትንሹ ገበሬ ጭንቀት በረታ። ሁለተኛው በሬ ነው፤ ጥንድ የሌለው ሰው መቀናጆ እስኪያገኝ ድረስ የዘር ቀኑ ያልፍበታል። ሦስተኛው ዋግ ነው። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዘር፥ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ዘር በብዙ አገር አጠፋ። አንድ ዘር ብቻ በሰፊ መሬት ላይ መዝራት አደጋ መሆኑን ከዚህ መማር ይቻላል።

በአርሲ የሆነውም ሊዘነጋ አይገባውም። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ካዱ የተባለው ድርጅት በስዊድን መንግሥት ርዳታ በጭላሎ አውራጃ የተሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ፤ የስንዴውም መሬት ሰፋ። ነገር ግን ትርፉን ያዩ ባለርስቶች በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከመሬቱ ተባረሩ። ቍጥሩ አደገ፤ ሰዎቹ ግን ከቍጥሩ ውጭ ቀሩ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ስለ ሆነ የጭሰኝነት ሥርዐት ቀርቷል። ሆኖም ዛሬም በሬና ዘር የሌለው ሰው መሬቱን ለሌላው በእኩል ወይም በኪራይ ሲሰጥ ስንዴው ይዘራል፥ ቍጥሩም ይመዘገባል፤ የባለይዞታው ድርሻ ግን በግማሽ ይቀንሳል። የተቈጠረው መሬት የማን እንጀራ እንደሚሆን ቍጥሩ አይናገርም።

መንግሥት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመስኖ የበጋ ስንዴን በሰፊው አስፋፍቷል፤ በ2015 ዓ.ም.ም ስንዴ ወደ ውጭ አገር መላክ መጀመሩን አስታውቋል። ይህ ውሃና ሜዳ ባለበት ቦታ ትልቅ ተስፋ ነው። ዳሩ ግን ሰፊ ሜዳ ላለው አገር የወጣው ዕቅድ 2 ጥማድ ብቻ ባለው በዳሞታ ተዳፋት ላይ በዚያው ልክ ሊጫን አይገባውም።

ስለዚህ የወረዳ ሹም የሚከተለውን ቢፈጽም መልካም ነው። አንደኛ፥ የስንዴውን መሬት በነሐሴ ብቻ ከመቍጠር፥ በግንቦት ምን ያህል የበልግ ማሳ እንደ ጠፋ፥ በኅዳርም ከተዘራው ምን ያህሉ ለአጨዳ እንደ ደረሰ አብሮ ይመዝግብ። ሁለተኛ፥ ስንዴው የማንን እህል ቦታ እንደ ያዘና ዘሩ ከጎተራ ወይስ ከብድር እንደ መጣ ይጠይቅ። ሦስተኛ፥ ዘርና ማዳበሪያ ሰኔ ሳያልቅ እንዲደርስ ያድርግ፤ በነሐሴ የመጣ ማዳበሪያ ዕዳ እንጂ ርዳታ አይደለም። አራተኛ፥ ቍጥር ለማሟላት ሲባል እንሰት እንዳይነቀል፥ ለስኳር ድንች የታሰበውም መሬት እንዳይወሰድ ይጠብቅ። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል፤ በአንድ ቀን የተነቀለውን በአንድ ክረምት መመለስ አይቻልም።

መሬቱን በእኩል የሚያሳርስ ወይም የሚያርስ ሰውም የበልጉ ጥፋት በታየበት ዓመት ዘሩን አስቀድሞ ቢያበድርና ድርሻውን ቢያቀል፥ በሚመጣው ዓመት ብርቱ ገበሬ ያገኛል። የተራበ ሰው ዘሩን በልቶ፥ በሬውንም ሸጦ ከሄደ ግን መሬቱ ለሁለቱም ሳይበጅ ይቀራል። የስንዴው ቍጥር ለዚህ ሁሉ ማመልከቻ ነው፤ የሚጠቅመውም ከፍ ስላለ ደስ ለመሰኘት ሳይሆን፥ ለምን ከፍ እንዳለ ጠይቆ በጊዜው ለመድረስ ነው።