የማጋዳን ዙፋን የተሸከመው ማን ነበር?

በገዥ መደቦች ትእዛዝ የተጻፈ ታሪክ የሥርወ መንግሥታት ዝርዝር ነው፤ ማን ማንን ወለደ፣ ማን ማንን ገደለ ብሎ ያልፋል። የጥንታዊቷ ሕንድ መንግሥት የማጋዳ ታሪክም ከዚህ አላመለጠም። የሃርያንካው ንጉሥ ቢምቢሳራ በገዛ ልጁ በአጃታሻትሩ ታስሮ እንደ ሞተ የቡድሃ ሃይማኖት መጻሕፍት ይተርካሉ። ከእነርሱ በኋላ ሺሹናጋዎች፣ ቀጥሎም ናንዳዎች ነገሡ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ321 ገደማ ቻንድራጉፕታ ናንዳዎችን ገልብጦ የማውርያን ሥርወ መንግሥት አቆመ፤ እርሱም በ185 ገደማ በራሱ የጦር አዛዥ እጅ ወደቀ። ዝርዝሩ ይህን ያህል ይበቃል። እኛ የምንጠይቀው ይህን ሁሉ ዙፋን ማን ተሸከመው ብለን ነው።

መልሱ ከመሬቱ ይነሣል። ዛሬ ቢሃር በሚባለው ግዛት፣ ከጋንጀስ ወንዝ በስተደቡብ፣ ለሩዝ የሚስማማ ደለል መሬት አለ፤ ከዚያም ወዲያ የብረት ማዕድንና የዝሆን ደን ይገኝ ነበር። ይሁንና ደን በራሱ አይመነጠርም። በትውፊት የቻንድራጉፕታ አማካሪ ለነበረው ለካውቲልያ የሚሰጠው፣ ምሁራን ግን የኋላ ዘመን እጅ አለበት የሚሉት «አርታሻስትራ» ምስጢሩን ያወጣዋል። በአዲስ መንደር ሹድራ የተባሉት የዝቅተኛው መደብ ገበሬዎች በብዛት እንዲሰፍሩ፣ ያላረሰ መሬቱን እንዲነጠቅ ያዛል። በመንደሩም የጨዋታ አዳራሽ እንዳይሠራ፣ ዘፋኝና ተዋናይ ገብቶ ሠራተኛውን ሥራ እንዳያስፈታ ይከለክላል። የድካሙን ፍሬ የነጠቁት ሳያንስ ሳቁንም ነጠቁት!

ግሪካዊው መልእክተኛ ሜጋስቴኔስ በሕንድ ባሪያ የለም ብሎ ጽፏል፤ ያው «አርታሻስትራ» ግን ስለ ባሪያዎች ሰፊ ድንጋጌ አለው። ከቤተ መንግሥት ደጅ ሆኖ የሚያይ የሚያየው ይህንኑ ያህል ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ261 ገደማ የቻንድራጉፕታ የልጅ ልጅ አሾካ ካሊንጋን ወረረ። በዐለት ላይ ያስቀረጸው አዋጅ 100,000 ሰው እንደ ተገደለ፣ 150,000 እንደ ተጋዘ፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ እንዳለቀ፣ ንጉሡም እንደ ተጸጸተ ይናገራል። ጸጸቱ ሐሰት ነው አንልም፤ የሉምቢኒን መንደር ግብር ወደ አንድ ስምንተኛ ዝቅ ማድረጉም በዓምድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን የተጋዙት 150,000 ሰዎች ወደ አገራቸው ይመለሱ የሚል ቃል በአዋጁ ውስጥ የለም። በራሷ በካሊንጋ፣ በዳውሊና በጃውጋዳ ዐለቶች ላይ ደግሞ ይህ የጸጸት አዋጅ ጨርሶ አልተቀረጸም፤ በምትኩ የቆመው፣ ንጉሡ ሰዎችን ሁሉ እንደ ልጆቹ እንደሚያይ የሚገልጽ ሌላ ቃል ነው።