የሃይማኖት ትምህርትና የሕፃናት ደኅንነት፤ በሽንፋና በመተማ ቆላማ ቀበሌዎች

በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በሀገራችን የንባብ ትምህርት በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ሥራ እንደ ነበረ ይታወቃል። ዛሬም ቢሆን ብዙ ሕፃናት ከመደበኛው ትምህርት ቤት አስቀድመው ወይም ከእርሱ ጎን ለጎን ወደ ቄስ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ወደ ቁርኣን ቤት ይሄዳሉ። ይህ ጽሑፍ የትምህርቱን ይዘት አይመለከትም። የሚመለከተው ሕፃኑ በሃይማኖት መምህሩ እጅ ባለበት ጊዜ ደኅንነቱ በማን ኃላፊነት ሥር እንደሆነ፣ እንዲሁም መምህራንና የትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎች በዚህ ረገድ ያላቸውን ድርሻ ነው።

ሕጉና የተለመደው አተረጓጎም

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ከእነዚህ ሁለት አንቀጾች በመነሣት «የሃይማኖት ትምህርት ቤት የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚል አስተያየት በሥራ ባልደረቦቻችን ዘንድ አልፎ አልፎ ይሰማል።

ይህ አተረጓጎም ግን የትምህርቱን ይዘትና የሕፃኑን ደኅንነት አንድ አድርጎ የሚመለከት በመሆኑ ትክክል አይደለም። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣትና ኢሰብአዊ ከሆነ አያያዝ ነፃ እንዲሆን ያዛል፤ ጉልበቱን ከሚበዘብዙ ልማዶችም ይጠብቀዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 576 ሕፃንን በኃላፊነት ተረክቦ የሚያንገላታን፣ ከአቅሙ በላይ የሚያሠራን ወይም የሚደበድብን ሰው ይቀጣል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በተመሳሳይ መንፈስ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ዳዊት ወይም ቁርኣን እንዴት እንደሚነበብ የሚወስነው የእምነቱ ሊቅ ሲሆን፣ ሕፃኑ እንዳይጎዳ የመጠበቁ ግዴታ ግን የሁሉም ነው።

የአካባቢው ልዩ ሁኔታ

ሽንፋ በምዕራብ ጎንደር ዞን በመተማ ወረዳ ይገኛል። አካባቢው ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚመረትበት፣ ወደ ሱዳን ድንበር የተጠጋ ቆላ ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው ብዛት ያለው የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በመተማ በኩል ብዙ ስደተኞች ገብተዋል። እንግዳ በሚበዛበት በዚህ ዓይነቱ ቦታ አንድ ሕፃን የማን ልጅ እንደሆነና ከማን ጋር እንደሚያድር ሁሉም አያውቅም።

በዚህ ላይ የአብነት ትምህርት ሥርዓት የራሱ ጠባይ አለው። ከፊደልና ከንባብ አልፎ ወደ ዜማና ወደ ቅኔ የሚሸጋገር ልጅ ከወላጆቹ ርቆ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ቁራሽ እየለመነ በጎጆ የሚኖር ተማሪ ይሆናል። ይህ ሕይወት ትዕግሥትንና ትሕትናን በማስተማር የታወቀ ነው፤ ብዙ ሊቃውንትንም አፍርቷል። ሆኖም ልጁ ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲጠፋ የሚፈልገው ዘመድ በአጠገቡ የለም። የምግቡ ማነስና የጎጆው መጨናነቅ ለእከክና በቅማል ለሚተላለፉ በሽታዎች ያጋልጠዋል። በአጨዳ ወራት ለዕለት ጉርሱ ወደ ሰሊጥ እርሻ የሚወጣ ከሆነም አደጋው ይጨምራል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል መሆኑን አሠሪውም የአብነት መምህሩም ሊያውቁት ይገባል።

የቆላው በሽታዎችም ሊዘነጉ አይገባም። ከወባ ሌላ በመተማና በሁመራ አካባቢ የካላዛር በሽታ አለ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በአብዛኛው የምትናከሰው ሌሊት ሲሆን፣ በመረሬ አፈር ስንጥቆችና በግራር ዛፎች አካባቢ ትገኛለች። ስለሆነም ሕፃናትን ከዛፍ ሥር ወይም በሜዳ ያለ አጎበር ማሳደር አደገኛ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳትና የጣፊያ ማበጥ የታየበት ልጅ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት፤ ካላዛር ካልታከመ ይገድላልና። በበጋ እየተቆራረጠ ኩሬ የሚሠራው የሽንፋ ወንዝም በክረምት ስለሚሞላ ውሃ መቅዳትና ልብስ ማጠብ ለትናንሽ ልጆች ብቻቸውን የሚተው ሥራ አይደለም።

ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚገኝ ትምህርት

የእምነት ተቋም የሕፃናትን አቤቱታ በራሱ ውስጥ ብቻ ሲይዝ ምን እንደሚከተል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በግልጽ ያሳያል። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ይፋ እንደሆነው፣ በሕፃናት ላይ በደል ፈጽመዋል የተባሉ ካህናት ለሕግ በመቅረብ ፈንታ ከአንዱ ቁምስና ወደ ሌላው ይዛወሩ ነበር። ዝውውሩ ችግሩን አላቆመውም፤ ወደ ሌሎች ሕፃናት አደረሰው እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኒቱ አሠራሯን ለውጣለች። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2006 ዓ.ም. የሕፃናት ጥበቃ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በየሀገረ ስብከቱ ሕዝብ ሊደርስበት የሚችል የጥቆማ መቀበያ እንዲኖር፣ ጠቋሚው እንዳይበቀሉት፣ የየሀገሩም ሕግ እንዲከበር የሚያዝ ደንብ አወጡ። ደንቡ በ2015 ዓ.ም. ተሻሽሎ ቋሚ ሆኗል። በ2007 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከትም በዚሁ ደንብ ይመራል። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ለየትኛውም እምነት ይሠራል፤ አቤቱታ የሚቀበለው ሰው ከተከሳሹ የተለየ መሆን አለበት፤ ዝውውርም የፍትሕ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተካሄደው የትጥቅ ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። መደበኛው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀበሌ ሕፃናትን በየቀኑ የሚያያቸው የሃይማኖት መምህሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መምህሩን እንደ ባላጋራ ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ መቅረብ ያስፈልጋል። የሚከተሉት አራት እርምጃዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

1ኛ. የአብነትና የቁርኣን መምህራን የእያንዳንዱን ተማሪ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቀበሌና የወላጅ ስም በአንድ ደብተር እንዲይዙ፣ ቅጂውም በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት እንዲቀመጥ ማድረግ።

2ኛ. ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከመስጊዱ ኮሚቴ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አቤቱታ ተቀባይ ሆነው እንዲመረጡ፣ ልጆችም በስም እንዲያውቋቸው ማድረግ፤ ወንጀል ነክ ጉዳይ ሲቀርብ በሽምግልና ሳይያዝ ወዲያውኑ ለፖሊስ እንዲደርስ መስማማት።

3ኛ. አንድ ዐዋቂ ሰው ከአንድ ሕፃን ጋር በተዘጋ ቤት ብቻውን እንዳይሆን፣ ትናንሽ ልጆችም ከጎልማሶች ጋር በአንድ ጎጆ እንዳያድሩ መወሰን።

4ኛ. ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩዎች፣ የሕፃናት መብት በሚሰጥበት ትምህርት ውስጥ፣ ከሃይማኖት መምህራን ጋር በመከባበር የመነጋገርን ልምምድ ማካተት።

ከእነዚህ ሁሉ መጀመሪያ ሊፈጸም የሚገባው የስም መዝገቡ ነው። ስሙ በየትም ያልተጻፈ ልጅ ከጎጆው ቢጠፋ፣ ወደ እርሻ ሄደ ወይስ ድንበር ተሻገረ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። የወረዳ ዕቅድ ባለሙያዎች የመጪውን ዓመት ዕቅድ ሲያዘጋጁ በየቀበሌው ያሉትን የአብነትና የቁርኣን ተማሪዎች ቁጥር በአንድ ዓምድ ቢያስገቡ፣ ለክትባቱም፣ ለአጎበሩም፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባውም መነሻ የሚሆን መረጃ ያገኛሉ።