ሠላሳ አምስት መቶ

ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ፍየል ለመግዛት የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠራለትን ዋጋ ጆሮ ሰጥቶ ይስማ። አፋሩ ከቆላ ግመሉን ነድቶ፣ ኦሮሞውና አማራው ከየቀበሌው ከብትና እህል ይዞ የሚገናኝበት ሰፊ ገበያ ነው፤ በሦስት ቋንቋ ይጮኻል። እኔ ከአንድ ጎልማሳ ነጋዴ ፊት ቆሜ ቀዩን ወጠጤ ጠየቅሁ።

«ሠላሳ አምስት መቶ፣ ወንድምዋ።»

«ሃያ ስምንት መቶ ውሰድ።»

«ወላሂ አያዋጣኝም!»

እሱ ስለ ፍየሉ ጥርስ ማስረዳቱን ሲቀጥል የእኔ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነበር። ሁለታችንም «ሺህ» የምትባለውን ቃል አላነሳናትም። ሦስት ሺህ አምስት መቶ አላለኝም፤ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አላልኩትም። ፊደልም ዲቁናም ያልነካው ይህ ነጋዴ ዋጋውን የጠራልኝ ልክ በግዕዝ ቁጥር እንደሚጻፈው አድርጎ ነው፦ ፴፭፻። የእኔም መልስ ፳፰፻ ነበር።

የግዕዝ ቁጥር ምልክቶች 20 ናቸው። ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ ከዚያ ፻ እና ፼። ይኸው ነው። መነሻቸው የግሪክ ፊደል እንደሆነ ፩ን ከአልፋ፣ ፪ን ከቤታ ጋር አስተያይቶ ያየ ሁሉ ይገነዘባል። ግሪኮቹ ግን ለ200፣ ለ300፣ እስከ 900 ድረስ ለየአንዳንዱ መቶ ሌላ ፊደል ነበራቸውና ምልክቶቻቸው 27 ይደርሳሉ። የእኛዎቹ ያንን ሁሉ ትተው ፻ን ብቻ ያዙ፤ ሁለት መቶ ሲፈልጉ ፪፻ አሉ። ሺህ ሲፈልጉም አዲስ ምልክት አላወጡም፤ ፲፻፣ ዐሥር መቶ። መቶ ጊዜ መቶ ሲሞላ ነው ሁለት ፻ ተጣብቀው ፼ የሆኑት።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ነገር ልምጣ። «የግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው ሒሳብ አይሠራበትም» የሚባለውን ከመምህራን አፍ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ተናጋሪው ሁሉ ይህንን ብሎ የጨረሰ ይመስለዋል፤ እስክሪብቶ አንስቶ የሞከረ ግን አላጋጠመኝም። ዜሮ የሚያስፈልገው ቦታ ለሚጠብቅ አጻጻፍ ነው። በ105 ውስጥ ያለችው ዜሮ ሥራዋ ወንበር መያዝ ነው፤ ባትኖር 1 መቶነቷን ታጣና 15 ይሆናል። ፻፭ ላይ ግን ፻ ራሱ መቶ ነው፣ ፭ም አምስት ነው። ያልመጣ እንግዳ ወንበር አይያዝለትም።

እስቲ የገበያውን ሒሳብ እንሥራው። ወጠጤው ፴፭፻፣ ከጎኑ የቆመችው ፍየል ፳፰፻ ይሁኑና ሁለቱንም ልግዛ። ፴ እና ፳ ተደምረው ፶። ፭ እና ፰ ደግሞ ፲፫። ከ፲፫ ውስጥ ፲ ወደ ፶ ይሄድና ፷ ይሆናል፤ ፫ በቦታው ይቀራል። ፷፫፻። «ስድስት ሺህ ሦስት መቶ» ማለት ነው። ተማሪ ቤት «አንድ በእጅ» እያልን በራስጌ የምንጽፋት ቁጥር እዚህ በገዛ ስሟ ፲ ተብላ ነው የምትመጣው። ዓምድ ማስተካከል የለም፤ አንዱን ቁጥር ወደ ግራ ገፍቶ ጽፎ በዐሥር እጥፍ መሳሳትም የለም።

ሦስተኛ ፍየል በ፵፰፻ ልጨምር። ፷ እና ፵ ሲደመሩ ፻ ይሞላሉ፤ ፫ እና ፰ ፲፩ ናቸው። መቶ መቶዎች ማለት ደግሞ ፼ ነው። ስለዚህ ፼፲፩፻፤ በዛሬው አጻጻፍ 11,100።

መቀነስ የበለጠ ደስ ይላል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ፍየሎች 10,000 ብር ብሰጥ መልሴ ስንት ነው? በተለመደው አጻጻፍ ከ10,000 ላይ 6,300 ለመቀነስ ከዜሮ መበደር፣ ዜሮዋ ስለሌላት ከጎረቤቷ መበደር፣ እሷም ስለሌላት ... ልጆች የሚያለቅሱበት ሒሳብ ነው። በግዕዙ ፼ መቶ መቶዎች ስለሆነ ጥያቄው ከ፻ ላይ ፷፫ ማንሳት ብቻ ይሆናል። ፻ን ፺ እና ፲ አድርጎ መዘርዘር፤ ከ፺ ፷ ሲነሣ ፴፣ ከ፲ ፫ ሲነሣ ፯። መልሱ ፴፯፻። ነጋዴዎቹ ይህንኑ በቃል «መቶ ላይ ስድሳ ሦስት ሲነሣ ሠላሳ ሰባት፤ ሠላሳ ሰባት መቶ መልስለት» ብለው ይጨርሱታል።

በዚህ ረገድ ከሮማውያን ቁጥር ጋር የሚያመሳስሉን ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም ዜሮ የላቸውምና። ዝምድናው ግን ሩቅ ነው። የሮማው መደመር ክምር ነው፦ የሁለቱን ቁጥር ፊደላት አንድ ላይ አፍስሶ፣ አምስት «አይ» ሲሞሉ በ«ቪ»፣ ሁለት «ቪ» በ«ኤክስ» መለወጥ። ስምንትና ሰባት ሲደመሩ ሁለት «ቪ» እና አምስት «አይ» ይሰበሰባሉ፤ ሲመነዘሩ አንድ «ኤክስ» እና አንድ «ቪ»፣ ዐሥራ አምስት። መቀነሱም ፊደል ከፊደል ማጣፋት ነው፤ «አይ» ከ«ቪ» ፊት ቀድማ አራት የሆነች እንደሆነ ግን አስቀድሞ ወደ አራት «አይ» መፍታት ያስፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ዘዴ ከሰባት በላይ ስምንት ስንት እንደሚሆን በቃል ማጥናት አያስፈልገውም፤ የእኛው ያስፈልገዋል። በምትኩ የዓድዋን ዓመት፣ 1888ን፣ በሮማ ለመጻፍ 13 ፊደል ይፈጃል። በግዕዝ ፲፰፻፹፰፣ አምስት ምልክት።

ዓድዋን ካነሣሁ አይቀር፣ ዓመቱን እንዴት ነው የምንጠራው? «ዐሥራ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት።» አብዮቱስ? «ዐሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት።» ፲፱፻፷፮። ምልክቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ በጣት እየነኩ ያንኑ ቃል በቃል ማንበብ ይቻላል። ከ2000 ወዲህ ግን አፋችን ከጽሕፈቱ ተለየ። «ሃያ መቶ ዐሥራ ሰባት» የሚል ሰው የለም፤ «ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት» ነው የምንለው። ለዚህም ይመስለኛል የእኔ ዘመን ሰው ሳይቸገር የሚያነበው ነገር ለልጆቻችን እንቆቅልሽ የሆነው። ፳፻፲፯ን ሲያዩ ሺሁን ይፈልጉታል፤ የለም።

ስሕተቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። አንድ ዘመዴ የሠርጉን ጥሪ ወረቀት አሳትሞ ሲያመጣልኝ ዓመቱ «፳፲፯» ይላል። አታሚው 20 እና 17 ጎን ለጎን አይቶ ፻ን ትርፍ ጌጥ መስላው ጥሏታል። ደመርኩለት፦ ፳ እና ፲ እና ፯፣ 37። ጌታችን በተወለደ በ37 ዓመተ ምሕረት ነው የምታገባው አልኩት፤ አልሳቀም፣ 300 ወረቀት ታትሞ ነበር። ሌላ ቦታ ደግሞ «፪፼፲፯» ያለ ሰሌዳ አይቻለሁ፤ 20,017 ማለት ነው፣ ቸኩለዋል። እባካችሁ፣ ለጌጥ ብላችሁ የምትጽፉት ቁጥርም ቁጥር ነው። ከመታተሙ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ «ሃያ መቶ» የሚለው ካልተሰማ የጎደለ አለ።

ከድሮው ምሳሌ የምወደው የዒዛና ነው። ንጉሡ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ስለ ቤጃ ዘመቻ አክሱም ላይ ባስቀረጸው ድንጋይ፣ በግሪክኛው ጽሑፍ በኩል፣ ወንድሞቹ ነድተው ያመጡት ከብት 3,112፣ በግ 6,224፣ የጭነት እንስሳ 677 ተብሎ ተቈጥሯል። ከብቱንና በጉን አስተያዩ፤ በጉ የከብቱ እጥፍ ነው፣ ልክ እጥፍ። ይህን በእኛ ምልክት ስጽፈው ከብቱ ፴፩፻፲፪፣ በጉ ፷፪፻፳፬ ሆነ። ፴ ወደ ፷፣ ፩ ወደ ፪፣ ፲ ወደ ፳፣ ፪ ወደ ፬፤ እያንዳንዷ ምልክት ለብቻዋ ታጥፋለች፣ ወደ ጎረቤት የሚሻገር ነገር የለም። እረኞቹ ቈጥረው ይሁን ጸሐፊው ለአንድ ከብት ሁለት በግ ብሎ መድቦ፣ ድንጋዩ አይናገርም። እኔ ጸሐፊውን እጠረጥራለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የበዓላትን ቀን የሚያሰሉበት ባሕረ ሐሳብም በዚሁ ቁጥር የሚኖር ነው። ዓመተ ዓለምን፣ ከፍጥረት ጀምሮ የሚቈጠረውን ዓመት፣ ለማግኘት ፶፭፻ ላይ ዓመተ ምሕረቱን መደመር ነው፤ ለ፳፻፲፯ ሲሠራ ፶ እና ፳ ተደምረው ፸፣ የቀረው ሁሉ በነበረበት፦ ፸፭፻፲፯። አንዱ ቦታ ብቻ ተነካ። ለ፲፱ ተካፍሎ ቀሪው ፲፪፤ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ ፲፩። ወንበሩ በ፲፩ ተባዝቶ በ፴ ሲገደፍ አበቅቴው ፩፣ በ፲፱ ተባዝቶ ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ ፳፱። ሁለቱ ሲደመሩ ፴ መምጣት አለባቸው፤ ካልመጣ ተሳስተሃል። ማባዛቱና ማካፈሉ እንደ መደመሩ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም፤ የቃል ጥናት ይጠይቃል። በ2006 ደግሞ አበቅቴው ምንም አልነበረም፤ ሊቃውንቱ «አልቦ» ይሉታል፣ የለም ማለት ነው። ዜሮን አያውቁም የተባሉት ሰዎች ለባዶ ስም ነበራቸው፤ ምልክት ብቻ ነው ያላወጡለት።

ወደ ወጠጤው ልመለስ። በስተመጨረሻ ፴፪፻ ላይ ተስማማን። ነጋዴው ያቀበልኩትን ገንዘብ ሲቈጥር ከንፈሩን እያየሁ ነበር። ከ2013 ጀምሮ ትልቁ ኖታችን ባለ 200 ነው፤ ባለ ሺህ ኖት የለንም። ባለ ሁለት መቶውን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየገፋ «ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት» አለ፤ መቶ የሚለውን ቃል ሳያወጣ፣ መቶነቱ በወረቀቱ ላይ ስላለ። ሠላሳ ሁለት ላይ ቆመና ገመዱን አቀበለኝ።